ጥብቅ ደንና የአየር ንብረት ለውጥ፦ ጥያቄና መልስ

ጥብቅ ደኖች ውስጥ ያሉ ዕፅዋት ለአየር ንብረት ለውጥ እንዴት ምላሽ እንደሚሰጡ የላካችኋቸውን ጥያቄዎች፣ ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ እያደረግሁ እመልሳለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ መጥረቢያም ከብትም የማይገባበትን ደን ምን ይለውጠዋል?

ጥማት። አየሩ በሞቀ ቁጥር ከቅጠልና ከአፈር የሚተነው ውኃ ይጨምራል፤ ስለዚህ ዝናቡ ባይቀንስ እንኳ ዛፉ ይጠማል። ውኃ ለመቆጠብ የቅጠሉን ጥቃቅን ቀዳዳዎች ሲዘጋ ምግብ ማዘጋጀቱን ያቆማል። ድርቁ ከበረታ ደግሞ በግንዱ ውስጥ ባሉት የውኃ ቧንቧዎች አየር ይገባና ቅርንጫፎቹ ከጫፍ ጀምሮ ይደርቃሉ። የተዳከመ ዛፍ ራሱን በሙጫ መከላከል ስለሚያቅተው ቅርፊት የሚበሱ ጢንዚዛዎች ይጨርሱታል።

ጥያቄ፦ የማውቀው ደን ዛሬም እንደ ድሮው ነው። ለውጡ የቱ ጋ ነው?

ቀና ብለው ሳይሆን ጎንበስ ብለው ይመልከቱ። ሁለት መቶ ዓመት የቆመ ዛፍ የሚመሰክረው ችግኝ ሳለ ስለነበረው አየር ነው። ሥሩ ጥልቅ ስለሆነ ብዙ ክፉ ዓመት ያሳልፋል፤ የጣት ርዝመት ሥር ያለው ቡቃያ ግን አንዱን ረጅም በጋ አይሻገርም። ስለዚህ ከዛፉ ሥር የራሱ ዘር ቡቃያ አለ? ጉልበት የሚደርስስ? የአውራ ጣት ውፍረት ያለውስ? ከዝናብ በኋላ ቡቃያው ሞልቶ ከፍ ያለው ከጠፋ፣ በጋው እየጨረሰው ሊሆን ይችላል። በቦታው ድርቅ የሚችል ሌላ ዝርያ እየበዛ ከሆነ የወደፊቱ ደን እርሱ ነው። ግን አይቸኩሉ፤ ብርሃን ወዳድ ዛፎች በጤናማ ደንም ቢሆን በጥላ ሥር አይተኩም፤ የዱር እንስሳትም ቡቃያ ይበላሉ። ዛፍ ወድቆ ብርሃን የገባበትን ቦታም አብረው ይዩ።

ጥያቄ፦ ይህ በተግባር የታየበት ቦታ አለ?

አለ። የፓናማዋ ባሮ ኮሎራዶ ደሴት ከ1923 ጀምሮ ጥብቅ ናት። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በ50 ሄክታር ላይ አንድ ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ውፍረት ያለው ግንድ ሁሉ ተለክቶ ተመዘገበ፤ ከ200,000 በላይ ነበር። የ1983ቱ የኤልኒኞ ድርቅ ሲመጣ ብዙ ዛፍ ሞተ፤ በኋላ በተደረጉት ቆጠራዎችም እርጥበት የሚወዱት ዝርያዎች እየተመናመኑ ሄዱ። አንድም ሰው መጥረቢያ ሳያነሳ ማለት ነው። ቆጠራው ባይኖር ደኑ ያው ደን ይመስል ነበር።

ጥያቄ፦ ዕፅዋት ወደ ተራራ ይወጣሉ ሲባል ምን ማለት ነው?

ተክሉ አይንቀሳቀስም፤ ዘሩ ከፍ ብሎ ሲበቅል የታችኛው ይሞታል። በተራራ ላይ ሙቀት በየ1,000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ፣ የአንድ ዲግሪ ጭማሪ 160 ሜትር ገደማ ሽቅብ ይገፋል። በባሌ ሳነቴ አምባ ከ4,000 ሜትር በላይ የሚበቅለውን ጅብራ ያስቡ። ከፍተኛው ጫፍ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው። ከዚያ በላይ ሰማይ እንጂ መሬት የለም፤ ወደ ጫፉ በቀረቡ ቁጥርም ቦታው ይጠባል። ጅብራ ደግሞ ለዓመታት አድጎ በዕድሜው አንዴ ብቻ አብቦ የሚሞት ተክል ነው። ይህ በጣም ያሳስበኛል።

ጥያቄ፦ ሳተላይት አረንጓዴነቱ ጨምሯል ካለ መልካም ዜና አይደለም?

ሁልጊዜ አይደለም። ሳተላይቱ የሚያየው ቅጠልን እንጂ የማን ቅጠል እንደሆነ አይደለም። ሐረግና መጤ ቁጥቋጦ የሞተውን ዛፍ ቦታ ሲሸፍኑም ምስሉ ይለመልማል። ወርዶ ማየት ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ እሳትስ?

የካሊፎርኒያው ግዙፍ ሴኮያ ከእሳት ጋር የኖረ ዛፍ ነው፤ ቅርፊቱ እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ይወፍራል፣ ዘሩን የሚያፈሰውም በአብዛኛው እሳት ሲሞቀው ነው። ሆኖም ለመቶ ዓመት ያህል እሳት ሲጠፋ ደረቅ እንጨት ተከማቸ፣ የ2012–2016 ድርቅ ተጨመረበት፣ በ2020 በተነሣ አንድ ቃጠሎ ከዓለም ትልልቅ ሴኮያዎች ከ10 እስከ 14 በመቶው እንደሞቱ ተገመተ። እኔ እሳትን ሁሉ ማጥፋት ጥበቃ ነው የሚለውን አልቀበልም፤ እንደ ደኑ ዓይነት ይወሰናል።

ጥያቄ፦ ታዲያ መከለሉ ምን ይጠቅማል?

እጅግ ይጠቅማል። ያልተሳሳ ደን ውስጡ ከሜዳው ይቀዘቅዛል፤ ለቡቃያ ጊዜ ይሰጣል። ዘር የሚያጓጉዙት ወፎችና ዝንጀሮዎች የሚኖሩትም እዚያ ነው። የተከለለው ቦታ ግን ከቆላ እስከ ደጋ ሳይቆራረጥ ቢዘልቅ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ማኅበራችን መለካት ቢጀምር ከየት ይነሣ?

ከትንሽ ቦታ። አራቱን ማዕዘን ምልክት አድርጉ፤ ለእያንዳንዱ ዛፍ ቁጥር ስጡ፤ ከመሬት 1.30 ሜትር ከፍታ ላይ ዙሪያውን ለኩ፤ ቡቃያውን በየዝርያው ቁጠሩ። ከአምስት ዓመት በኋላ በዚያው ወቅት ድገሙት። የሞቱትንም መመዝገብ እንዳትረሱ።