ሹሩባ፣ አቼቶና ዌል ሻርክ

ውጭ አገር የምትማሩ አንባቢዎች በዚህ ሰሞን ስለ ስኖርክሊንግ አጥብቃችሁ ጠይቃችኋል። ፊትን ውኃ ውስጥ ነክሮ፣ በቱቦ እየተነፈሱ ዓሣና ኮራል (ባሕር ውስጥ ድንጋይ መስሎ የሚያድግ ፍጡር) ማየት ማለት ነው። ከጥያቄዎቻችሁ አምስቱን መርጬ፣ ከእያንዳንዱ ሥር መልሴን ጽፌያለሁ።

የምማረው አውስትራሊያ፣ ታውንስቪል ነው። ክፍላችን ታላቁ ባሪየር ሪፍ ወደሚባለው የኮራል ሰንሰለት ሊሄድ ነው። መምህሩ «ዋና የሚችል?» ሲል እኔም እጄን አወጣሁ፤ ግን አልችልም።

ወንድሜ፣ እጅህን አውርድ። ደጋ ያደገ ሰው ዋና አለመቻሉ አያሳፍርም፤ እኔም ላንጋኖ ዳር ቁጭ ብዬ የጓደኞቼን ጫማ ስጠብቅ ነው ያደግሁት። ዛሬውኑ ለመምህርህ ንገረው። አንተ ባለህበት ክፍለ ግዛት፣ ኩዊንስላንድ ውስጥ፣ ጎብኚ የሚያመላልሱ ጀልባዎች ዋና የማይችለውን ለይተው መንሳፈፊያ ማስለበስ አለባቸው። ዝም ካልካቸው ግን ከዋናተኞቹ ጋር ይቆጥሩሃል።

እስከዚያው ገንዳ ግባ። ወገብህ ላይ በሚደርስ ውኃ ፊትህን ነክረህ በአፍህ ብቻ መተንፈስ ልመድ፤ ጀማሪን የሚያስደነግጠው አፍንጫው በመነጽሩ መታፈኑ ነው። ቱቦው ውስጥ ውኃ ሲገባ ቀና ሳትል «ቱፍ!» ብለህ አስወጣው። ይህን አሥር ጊዜ ደጋግመህ ካልተሳካልህ ጀልባው ላይ ሆነህ ፎቶ አንሣ። ጨዋማ ውኃ ከገንዳ የተሻለ ያንሳፍፋል፤ ገንዳ ግን ማዕበል የለበትም።

ሹሩባ ተሠርቻለሁ፤ የውኃ መነጽሩ ውኃ ያስገባብኛል።

ግንባርሽን ፈትሺ። ከመነጽሩ ጠርዝ ሲሊኮን (ለስላሳ ላስቲክ) ሥር ጥቂት ፀጉር እንኳ ከገባ አይገጥምም። ማሰሪያውን ማጥበቅ ደግሞ ፊትሽ ላይ ምልክት ከመተው በቀር ብዙም አይረዳሽም። መነጽሩ ጉም ከሠራብሽ ውስጡን በምራቅሽ አሽተሽ አለቅልቂው። እውነቴን ነው፣ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርገው።

ኢላት ባሕር ዳር የደረቀ ኮራል አገኘሁ። ለእህቴ ልውሰድላት?

አይሆንም። ኮራል በእስራኤል በሕግ የተጠበቀ ነው። መልሰህ አስቀምጠው።

ኬርንስ ነው ያለሁት። እናቴ ከደሴ ደውላ «የሚገድል ጄሊፊሽ አለ አሉ፤ እንዳትገቢ!» አለችኝ።

እናትሽ ልክ ናቸው። ሰሜን ኩዊንስላንድ ከኅዳር እስከ ግንቦት ገደማ የቦክስ ጄሊፊሽ (ገላው እንደ ጄሊ የለሰለሰ፣ መርዘኛ የባሕር እንስሳ) ወቅት ነው። በዚያ ጊዜ ከራስ እስከ እግር የሚሸፍነውን ቀጭን ልብስ ሳትለብሺ አትግቢ፤ ጀርባሽንም ከፀሐይ ያድንልሻል። ባሕር ዳር ላይ የምታዪያቸው የአቼቶ ጠርሙሶች የሰላጣ አይደሉም፤ አቼቶው ገና መርዙን ያልለቀቀውን የጄሊፊሽ መንደፊያ ያመክናል። ሕመሙን ግን አያስታግስም። ስለዚህ የተነደፈውን ሰው ከውኃ አውጡት፣ ወደ 000 (የአውስትራሊያ የድንገተኛ አደጋ ስልክ) ደውሉ፣ አቼቶ አፍስሱበት፤ ቦታውን ግን አትሹት።

ፐርዝ ነው የምማረው። በሚያዝያ እዚሁ ምዕራብ አውስትራሊያ ወዳለው የኒንጋሉ ባሕር ዳርቻ ሄደን ከዌል ሻርክ ጋር ልንዋኝ ነው። አይበላኝም?

ስሙ ያስፈራል እንጂ የሚበላው ፕላንክተን (ውኃ ላይ የሚንሳፈፉ ደቃቅ ፍጥረታት) እና ጥቃቅን ነገር ነው። ከዓሣ ሁሉ ትልቁ ነው፤ ከ12 ሜትር በላይ የሚረዝምም አለ። የምትፈሪው ጭራውን ነው። ደንቡም ከአካሉ 3 ሜትር፣ ከጭራው 4 ሜትር ራቁ ይላል፤ መንካትም ክልክል ነው። ጎኑ ላይ ያሉት ነጠብጣቦች እንደ ጣት አሻራ ከአንዱ ወደ ሌላው ስለሚለያዩ፣ ተመራማሪዎች ከፎቶ ይለዩታል። ቀስ ብሎ የሚሄድ ቢመስልም ልትደርሺበት በደንብ መቅዘፍ ይኖርብሻል፤ ያውም ከዳር ርቆ በተንጣለለ ባሕር ላይ። የታውንስቪሉ ወንድማችን ይቺን አንቀጽ ይዝለላት።