ኮምፔርሳቶ ከማስቆረጥዎ በፊት፦ ስለ ማዕዘን ሆርን ስፒከር ለቀረበው ጥያቄ

ሁለት ባለ 12 ኢንች የመኪና ውፈር (ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣ ስፒከር) በእጅዎ እንዳለ፣ በላያቸውም 1,000 ዋት ተብሎ እንደተጻፈ፣ በእነዚሁም ኮዬ ፈጬ በኩል አዲስ ለገቡበት ቤት በፎቶው ያሳዩንን ዓይነት የማዕዘን ሆርን ስፒከር፣ ማለትም የቤት ማዕዘን ውስጥ ተቀምጦ ድምፁን እንደ ጥሩምባ እየሰፋ በሚሄድ መተላለፊያ የሚያወጣ ሳጥን፣ ለመሥራት እንዳሰቡ ገልጸው፣ ኮምፔርሳቶው የት እንደሚገኝና ምን ያህል ጉልበት ያለው አምፕሊፋየር እንደሚያስፈልግ ጠይቀዋል። ከእኔ በፊት የመለሱት አባላት ስለ አምፕሊፋየሩ ብቻ ተከራክረው አልፈዋል። እኔ ቱሉ ዲምቱ ላይ ይህንኑ ስፒከር በእጄ ሠርቼ በየምሽቱ የምሰማበት ሰው ስለሆንኩ፣ በጠየቁበት ቅደም ተከተል ሳይሆን ገንዘብዎ ሊጠፋ በሚችልበት ቅደም ተከተል እመልስልዎታለሁ።

አንደኛ፦ የመኪናውን ውፈር ይተዉት። እንዲህ ዓይነቱ ውፈር የተሠራው በመኪና ሻንጣ ውስጥ በጠባብ ሳጥን እንዲሠራ ነው፤ ኮኑ ከባድ ነው፣ ከኮኑ ክብደት አንጻር ሲታይ ደግሞ የማግኔቱ ጉልበት አነስተኛ ነው። ሆርን የሚፈልገው የዚህን ተቃራኒ ነው። የውፈርን ጠባይ በቁጥር ከሚገልጹት ከቲልና ስሞል መለኪያዎች መካከል ሁለቱን ብቻ ይያዙ፤ የውፈሩን የተፈጥሮ ንዝረት፣ ማለትም ኤፍኤስን፣ በሁለት አባዝተው፣ ኮኑ ከነዘረ በኋላ ምን ያህል ቶሎ እንደሚቆም ለሚያሳየው ለኪውቲኤስ ሲያካፍሉት፣ ውፈሩ በሆርን ውስጥ ሳይደክም እስከ ስንት ኸርዝ እንደሚዘልቅ በግምት ያገኛሉ። ኤፍኤሱ 30፣ ኪውቲኤሱ 0.6 የሆነ የመኪና ውፈር ከ100 ኸርዝ በላይ እየደከመ ይሄዳል። ኤፍኤሱ 45፣ ኪውቲኤሱ 0.3 የሆነ የመድረክ ውፈር ግን እስከ 300 ኸርዝ ይደርሳል። ሆርንዎ ከ50 ኸርዝ የሚጀምር ከሆነ በመኪናው ውፈር የሚያተርፉት አንድ ኦክታቭ፣ ማለትም ከ50 እስከ እጥፉ 100 ኸርዝ ያለው ብቻ ነው፤ ለዚህ ደግሞ ያን ሁሉ እንጨት መቁረጥ አያስፈልግም። 1,000 ዋት የሚለው ጽሑፍም፣ እውነት ቢሆን እንኳ፣ በውፈሩ ውስጥ ያለው የሽቦ ጥቅል፣ ኮይሉ፣ ሳይቃጠል የሚችለውን ሙቀት እንጂ የድምፁን ጥራት አይነግርዎትም።

የመኪና ውፈሮቹን ሶማሌ ተራ አካባቢ የሚገዛዎት አያጡም። በምትካቸው ምን አለሽ ተራ ገብተው፣ ሳጥኑ ከተሰባበረ ሞንታርቦ የወጣ ባለ 12 ኢንች ውፈር ይፈልጉ። ሲያገኙ ኮኑን በሁለቱም እጅዎ ጣቶች እኩል ተጭነው ይልቀቁት፤ ኮይሉ ከማግኔቱ ጋር የሚፋተግ ከሆነ በጣትዎ ይሰማዎታል፣ ሻጩ የቱንም ያህል ቢምል አይግዙት። ያገለገለ ውፈር ፋብሪካው ያወጣለትን ቁጥር ይዞ አይቆይምና ቤት ወስደው በላፕቶፕ፣ በአንድ ሬዚስተርና በነጻ በሚገኘው ሩም ኢኪው ዊዛርድ በተባለው ፕሮግራም ይለኩት። ያገኙትን ቁጥር ዴቪድ ማክቢን ባዘጋጀው ሆርንሬስፕ በተባለው የሆርን ማስሊያ ፕሮግራም ውስጥ ያስገቡ፤ እሱም በነጻ ይገኛል። ውፈሩ ሳይለካ ንድፍ የሚያወጣ ሰው እግር ሳይለካ ጫማ እንደሚሰፋ ሰው ነው።

ሁለተኛ፦ ፎቶው ላይ ያለው ስፒከር አሜሪካዊው ፖል ክሊፕሽ ከ1946 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አርካንሳስ ውስጥ ሆፕ በምትባል ከተማ ያመርተው የነበረውና እስከ ዛሬም የሚመረተው የማዕዘን ሆርን ነው፤ ብልሃቱ ያለው ከሳጥኑ ይልቅ በማዕዘኑ ላይ ነው። የ50 ኸርዝ ድምፅ የሞገድ ርዝመት ወደ 7 ሜትር ይጠጋል። ሆርኑ ሜዳ ላይ ተንጠልጥሎ ቢሠራ አፉ፣ ማለትም ድምፁ የሚወጣበት ሰፊ ጫፍ፣ 3.7 ካሬ ሜትር ገደማ ሊሆን ይገባው ነበር፤ ወለል ላይ ሲቀመጥ ግማሹ፣ ወለልና ግድግዳ ሲያገኝ ሩቡ፣ ማዕዘን ውስጥ ሲገባ ስምንት እጅ አንዱ፣ ማለትም ግማሽ ካሬ ሜትር የማይሞላ ስፋት ይበቃዋል። የቀረውን የሚሠራለት ግድግዳዎ ነው። የእርስዎም ቤት እንደ እኔው በብሎኬት የተሠራ ነው ብዬ እገምታለሁ፤ ከሆነ ግድግዳው ተስማሚ ነው። ነገር ግን ማዕዘኑን በር ወይም መስኮት የሚያቋርጠው ከሆነ፣ ወይም አንዱ ጎን በቺፑድ የተከፈለ ከሆነ፣ ሌላ ማዕዘን ይምረጡ። ኮርኒሱንም ይመልከቱ። የእኔ ኮርኒስ በስስ ቺፑድ የተሠራ ስለነበር፣ ስፒከሩ መጀመሪያ በተከፈተ ዕለት ከሙዚቃው ይልቅ ኮርኒሱ ይሰማ ነበር፤ ሚስማሩን አጥብቄ፣ መሐሉን በጣውላ ደግፌ ነው ያስቆምኩት። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደግሞ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የሚኖር ሰው የትኛውንም ስፒከር ለመገምገም ባይቸኩል ይሻላል።

ሦስተኛ፦ ከውጭ የሚያገኙት ንድፍ የተሰላው ለባሕር ጠለል አየር ነው። የድምፅ ፍጥነት በአየሩ ሙቀት እንጂ በከፍታ አይወሰንም፤ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እኛ ዘንድም ሆነ ጅቡቲ ወደብ ላይ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ሆርኑ የሚሰፋበት ልክና የአፉ ስፋት አይለወጡም፤ ለ50 ኸርዝ በተሰላ ኤክስፖኔንሻል ሆርን ውስጥ የመተላለፊያው ስፋት በየ38 ሴንቲሜትሩ እጥፍ ይሆናል። የሚለወጠው የአየሩ ጥግግት ነው። እኛ የምንኖረው 2,200 ሜትር ገደማ በሆነ ከፍታ ላይ ስለሆነ፣ ሙቀቱ እኩል ሆኖ ሳለ አየራችን ከባሕር ጠለሉ አየር በሩብ ገደማ የሳሳ ነው፤ ሆርኑ በኮኑ ላይ የሚያሳርፈው ጭነትም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ይህን ጭነት ለመመለስ እኔ ጉሮሮውን፣ ማለትም ሆርኑ ከውፈሩ የሚነሣበትን ጠባብ ጫፍ፣ በሩብ አጠበብኩት። የባለ 12 ኢንች ውፈር ኮን ስፋት 530 ካሬ ሴንቲሜትር ገደማ ነው፤ በተለመደው ስሌት ጉሮሮው የዚያ ግማሽ፣ 265፣ ይሆን ነበር። የእኔ 200 ሆነ፤ ቁመቱ 40፣ ወርዱ 5 ሴንቲሜትር። በዚህ ምክንያት ሆርኑ በመነሻው በኩል 16 ሴንቲሜትር ያህል ረዝሞ በጠቅላላው 1.7 ሜትር ሆኗል። እዚህ ላይ አፉ ሁለት ሚሊሜትር ቢሰፋ ማንም አያውቀውም፤ አምስት ሴንቲሜትር ብቻ ወርድ ባለው ጉሮሮ ላይ ግን እያንዳንዱ ሚሊሜትር ከመቶ ሁለት እጅ ነው።

የኮምፔርሳቶው ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው፤ የሚቀጥለው ግን ምክር ሳይሆን የደረሰብኝ በደል ነው። ስሙን የማልጠቅሰው አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ባለ 18 ሚሊሜትር ኮምፔርሳቶ እንዳለው ነግሮኝ፣ ሙሉ ዋጋውን ተቀብሎ፣ መጋዙም የራሱ ስለሆነ እሱው ሊቆርጥልኝ ተስማማን። ንድፉን ስሰጠው፣ ልኮቹ ሁሉ የተነሡት ከአንድ ጠርዝ መሆኑን በቃልም በጽሑፍም አስረዳሁት፤ ከመቁረጡ በፊት የእያንዳንዱን ሉህ ውፍረት ለክቶ ልዩነት ካገኘ እንዲደውልልኝም አሳሰብኩት። አልደወለም። ስሄድ ሁሉም ተቆርጦ ግድግዳ ላይ ተደግፏል። ውፍረት መለኪያ ካሊፐሬን አውጥቼ ስለካ አንዳንዱ ሉህ በእርግጥ 18፣ ሌላው ግን ከ16 ጥቂት ከፍ ያለ ሆኖ አገኘሁት። በዚህ ላይ ክፍልፋዮቹን ከጠርዙ ሳይሆን አንዱን ከሌላው እየተነሣ ስለለካ፣ ስሕተቱ እየተደመረ ሄዶ፣ አምስት ሴንቲሜትር መሆን የነበረበት ጉሮሮ በአንዱ ስፒከር 5.8፣ በሌላው 5.3 ሆነ። የግራውና የቀኙ ስፒከር የማይመሳሰሉ ሆኑ ማለት ነው፤ ሰያፍ የተቆረጡት ጣውላዎችም ጫፋቸው አልገጠመም።

ይህን ሳሳየው የሥራው ኃላፊ፣ «ወንድሜ፣ እኛ ቁም ሳጥን እንጂ አውሮፕላን አንሠራም፤ ክፍተቱን ስቱኮ ይሞላዋል» ብሎ ሠራተኞቹን አሳቀብኝ። ስለ ውፍረቱ ስጠይቀው፣ ከአስመጪው 18 ተብሎ የመጣ ስለሆነ 18 ነው አለ፤ ካሊፐሩን ዓይኑ ሥር አድርጌ ባሳየውም ሊያየው አልፈለገም። የመቁረጫ ዋጋውንም አንድ ብር ሳይቀንስ ጠየቀኝ፤ ደረሰኝ ስላልሰጠኝ አቤት የምልበት ማስረጃ አልነበረኝም። ስለዚህ እርስዎ ኮምፔርሳቶ ሲገዙ ካሊፐር ይዘው ይሂዱ፤ እያንዳንዱን ሉህ በአራቱም ማዕዘን ይለኩ፤ ውፍረቱ በሚሊሜትር የተጻፈበት ደረሰኝ ይቀበሉ፤ የሚያስቆርጡ ከሆነ የጉሮሮውን ክፍል ብቻ መጀመሪያ አስቆርጠው፣ ገጥመው፣ ለክተው ካዩ በኋላ ቀሪውን ገንዘብ ይክፈሉ። በዚህ የማይስማማ ሠራተኛ ካጋጠመዎት ሌላ ይፈልጉ።

እኔ ግን ከዚያ በኋላ ለማንም አልሰጠሁም። የጎደለውን ሉህ እንደገና ገዝቼ፣ የእጅ ኤሌክትሪክ መጋዝ ተውሼ፣ ቀጥ ያለ የአሉሚኒየም ቱቦላሬ በሞርሳ አሥሬ እንደ ማስመሪያ እየተጠቀምኩ ሁሉንም በግቢዬ ቆረጥኩት። የተበላሹት ጣውላዎች ለውስጥ መደገፊያ ሆነውኛል። ሥራው ሲያልቅ በሁለቱ ጉሮሮዎች መካከል ያለው ልዩነት ግማሽ ሚሊሜትር አልሞላም፤ ያን የሥራ ቤት ኃላፊ ጠርቼ ባሳየው ደስ ባለኝ ነበር።

ሲገጥሙ ኮላውን አይቆጥቡ፤ ስቱኮ ለቀለም ገጽ እንጂ አየር ለመከልከል አይሆንም። በተለይ ከውፈሩ በስተኋላ ያለው ዝግ ክፍል ትንሽ እንኳ ካስተነፈሰ ድምፁ ይበላሻል። ለመፈተሽ 40 ኸርዝ የሆነ ዝቅተኛ ቃና ለስለስ አድርገው ይልቀቁና የሚጨስ ዕጣን በመገጣጠሚያዎቹ ዳር ቀስ ብለው ያሳልፉ፤ ጭሱ የሚንቀጠቀጥበት ቦታ ያስተነፍሳል። ለዚህ ፍተሻ በቃናው ፋንታ የበገና ሙዚቃ አይጠቀሙ። በገናን የምንወደው በጅማቱና በድልድዩ መካከል በሚገቡት የቆዳ ቁርጥራጮች ምክንያት በሚሰጠው ነዝናዛ ድምፅ ስለሆነ፣ የበገናውን ንዝረት ከላላ ጣውላ ንዝረት ለመለየት ይቸገራሉ። ፍተሻው ካለቀ በኋላ ግን መጀመሪያ በገና ይስሙ።

ወደ አምፕሊፋየሩ ስመጣ፣ ክርክሩ ለምን እንደረዘመ አልገባኝም። የተለመደ ትንሽ የቤት ስፒከር በአንድ ዋት፣ በአንድ ሜትር ርቀት 86 ዴሲቤል ያህል ይሰጣል። በደንብ የተሠራ የማዕዘን ሆርን ወደ 104 ይደርሳል። የ18 ዴሲቤል ልዩነት በጉልበት ሲሰላ ከ60 እጥፍ በላይ ስለሆነ፣ 10 ዋት ያለው ንጹሕ አምፕሊፋየር ለሳሎንዎ ይተርፋል። የእኔው በ12 ቮልት የመኪና ባትሪ የሚሠራ ነው፤ እኛ ሰፈር መብራት እንደሚጠፋው የእርስዎም ጋ የሚጠፋ ከሆነ ጥቅሙ ይገባዎታል።

ለመካከለኛውና ለቀጭኑ ድምፅ ኮምፕረሽን ድራይቨር፣ ማለትም ከላይ በሚቀመጥ ትንሽ ሆርን ጉሮሮ ላይ የሚገጠም ድምፅ አመንጪ፣ ያስፈልግዎታል። ከአደባባይ ድምፅ ማጉያ የሚወጣውን የተጣጠፈ ሆርን አይጠቀሙ፤ እሱ የተሠራው ንግግር ራቅ ብሎ እንዲሰማ ብቻ ነው። ድራይቨሩን ከውጭ ካስመጡ የግዢ ደረሰኙንና ፎቶውን በወረቀት አትመው ይያዙ። እኔ ዕቃዬን ልረከብ በሄድኩበት መሥሪያ ቤት መስኮት ላይ የተቀመጠች ሠራተኛ፣ ድምፅ ማጉያ ለማስመጣት የንግድ ፈቃድ ካላመጣህ ብላ የብልቃጥ ክዳን የምታክል ዲያፍራም (ተንቀጥቅጣ ድምፅ የምትሰጥ ስስ ሽፋን) ያላትን ዕቃ እንደ መድረክ መሣሪያ ቆጥራ አመላለሰችኝ፤ ቀና ብላም አላየችኝም። የታተመውን ፎቶ ያየው አለቃዋ ግን ወዲያውኑ ፈረመ።

ድራይቨሩ ወፍራሙን ድምፅ የሚያግድለት ካፓሲተር ሳይኖር ከአምፕሊፋየር ጋር ለአፍታም አይገናኝ። የላይኛው ሆርን ከተሰላበት ድምፅ በታች ሲሆን ዲያፍራሙን የሚደግፈው ጭነት ስለሚጠፋ ያለ ልክ ይንቀጠቀጣል። ለ8 ኦም ድራይቨር በ500 ኸርዝ ለመቁረጥ ፖላሪቲ የሌለው (ፕላስና ማይነስ የማይለይ) 40 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ይሆናል፤ ጉሮሮው 1 ኢንች የሆነውን ትንሹን ዓይነት ግን እስከዚያ ድረስ አያስወርዱት። ከሁሉ የሚሻለው ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ ለየስፒከሩ የሚያከፋፍል ዲጂታል ክሮስኦቨር ነው፤ የወፍራሙ ድምፅ በታጠፈው 1.7 ሜትር መንገድ ሲያልፍ 5 ሚሊሰከንድ ያህል ስለሚዘገይ፣ የላይኛውን በዚያው ልክ ማዘግየት የሚቻለው በእሱ ነው።

የገዙትን ውፈር ከለኩ በኋላ ኤፍኤሱን፣ ኪውቲኤሱንና የኮኑን ስፋት፣ ከሁለቱ ማዕዘኖች ፎቶና ከሉሆቹ ትክክለኛ ውፍረት ጋር እዚሁ ይጻፉልኝ፤ የእኔን ንድፍ በእነዚያ ቁጥሮች አስተካክዬ እልክልዎታለሁ። ቁጥሮቹ ሳይደርሱኝ ግን ንድፉን አልልክም።