ዕቃው ቀድሞ ምን ነበር?

ልጆቼ፣ ከተጣለ ዕቃ አዲስ ነገር ለመሥራት ስትነሡ መጀመሪያ የምትጠይቁት «ከዚህ ምን ይወጣል?» የሚለውን ነው። የሚቀድመው ጥያቄ ግን ሌላ ነው፤ ዕቃው ቀድሞ ምን ነበር? ምን ይዞስ ነበር? መርካቶ ምናለሽ ተራ ብትወርዱ ቆራሌው ከየሰፈሩ የለቀመው ቆርቆሮ፣ በርሜል፣ ጎማና ሽቦ በየዓይነቱ ተለይቶ ታገኙታላችሁ። መለየቱ ራሱ ሙያ ነው።

በርሜልን እንይ። 200 ሊትር የሚይዘው በርሜል ተቀዶ ሲደለደል ጥሩ ላሜራ ይሆናል፤ የከሰል ምድጃም ሳጥንም ይወጣዋል። ቤንዚን ወይም ቲነር የነበረበት ከሆነ ግን ባዶነቱ አያታልላችሁ። ውስጡ የቀረው ትነት ከአየር ጋር ተቀላቅሏል፤ ለመፈንዳት የግራይንደር አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች። ይህንን ለጀማሪ አልመክርም፣ ተዉት። የተባይ ማጥፊያ የነበረበትን ጀሪካን ደግሞ አሥር ጊዜ ብታጥቡትም መርዙ ፕላስቲኩ ውስጥ ስለሚሰርግ ለውኃም ለእህልም አይሆንም። ዚንክ የተለበጠ ቆርቆሮ ሲበየድ ነጭ ጭስ ያወጣል፤ እሱን የማገ ሰው ማታ ብርድ ብርድ እያለው ያተኩሰዋል። ለምድጃ ያልተለበጠውን ጥቁር ላሜራ ምረጡ።

አሁን ከአሮጌ ጎማ ወደሚሠራው ጫማ፣ ወደ በረባሶ ልምጣ፤ እጅን ለማፍታታት ከእሱ የተሻለ ሥራ አላውቅም። መጀመሪያ ጎማው ላይ ማግኔት አስጠጉ። ከሳበ ውስጡ የብረት ሽቦ አለው፤ ቢላችሁን ያዶለዱማል፣ ጫፉም ወጥቶ እግር ይወጋል። የናይሎን ክር ያለውን ፈልጉ። ከዚያ ካርቶን ላይ ቁሙና እርሳሱን ቀጥ አድርጋችሁ በእግራችሁ ዙሪያ አስምሩ። መቆማችሁ ግድ ነው፤ ተቀምጦ የተለካ እግር ሰውነት ሲጫነው ይሰፋል። በዙሪያው ግማሽ ሴንቲ፣ ከጣት ፊት 1 ሴንቲ ጨምሩ። ልኩን በጎማው ዙር አቅጣጫ አስተኙት፤ የጎማው ጎባጣነት ተረከዙንና ጣቱን ትንሽ ያነሣል፣ ለመራመድም ይመቻል።

ስትቆርጡ ቢላውን በሳሙና ውኃ እየነከራችሁ፣ ጎማውን እያጎበጣችሁ፣ አንዱን መስመር ሦስት አራት ጊዜ ሂዱበት። በአንድ ጊዜ ልጨርስ ያለ ሰው ይገፋል፣ የሚገፋ ቢላ ያመልጣል። ለማሰሪያ 2 ሴንቲ ተኩል ስፋት ያለው ከመነዳሪ፣ ማለትም የጎማ የውስጥ ላስቲክ፣ ይበቃል። ብዙዎች የሚሳሳቱት ማሰሪያው የሚገባበትን ስንጥቅ ሲያወጡ ነው። ከጠርዙ ቢያንስ 1 ሴንቲ ግቡ። በስንጥቁ ሁለት ጫፎች ላይ ጠርዙ በሞረድ በተሳለ ቀጭን ቱቦ ክብ ቀዳዳ አውጡና በመካከል ሰንጥቁ። ሹል ሆኖ የቀረ ጫፍ በተረገጠ ቁጥር ይቀደዳል፤ ክብ ቀዳዳ ግን ጉልበቱን ይበትነዋል። ማሰሪያውን ከሥር አጥፋችሁ የሚስማሩን ራስ ከጎማው ጥርስ መካከል ባለው ቦይ ውስጥ ቅበሩት፣ መንገድ እንዳይበላው። የሚስማሩ ርዝመት ከሶሉ ውፍረት በ3 ሚሊ ሜትር ይነስ። ይህ የድሮ ሥራ ዛሬም ገበያ አለው፤ በ2004 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አዲስ አበባ ውስጥ የተቋቋመው ሶልሬብልስ የተባለ የጫማ ድርጅት ከአሮጌ ጎማ ሶል ያላቸውን ጫማዎች ለውጭ አገር ሸጧል።

ሥነ ጥበቡ ለሚስባችሁ፣ የኢትዮጵያዊውን ሠዓሊ የኤልያስ ስሜን ሥራዎች ቀረብ ብላችሁ ተመልከቱ። ከሩቅ ከአየር ላይ የታየ ማሳ ወይም ከተማ ይመስላሉ፤ ስትጠጉ የተገመደ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ የኮምፒውተር ማዘርቦርድና የኪቦርድ ቁልፍ ናቸው። ቀለሙ የሽቦው የራሱ ልባስ ነው። እንዲህ ያለ ሥራ በቀለም በቀለም ለይቶ የማጠራቀም ትዕግሥት ይጠይቃል። የተሰበሰበውን ሁሉ ወርቃማ ቀለም መርጨት ግን ዕቃውን ዳግመኛ መጣል ይመስለኛል።

ሽቦ ካነሣን አይቀር፣ መዳብ ለማውጣት ብላችሁ ላስቲኩን አታቃጥሉ። የጭሱ መርዝ ለእናንተም ለጎረቤትም ይተርፋል። ፀሐይ ላይ ግማሽ ቀን አስጡት፤ ሲለሰልስ ርዝመቱን ተከትላችሁ በስለት ሰንጥቁና በጉጠት ሳቡት፣ መዳቡ ንጹሕ ሆኖ ይወጣል፣ ላስቲኩም ለሌላ ሥራ ይተርፋችኋል።