ላሟ ወተት አላጣችም፤ ይዛዋለች

ከደብረ ብርሃን አካባቢ አንድ አርሶ አደር እንዲህ ሲሉ ጽፈውልኛል፦ «ክልስ ላሜ ከወለደች አራተኛ ወሯ ነው። ወተቷ በድንገት በግማሽ ቀነሰ። መኖ አላጓደልኩባትም። ታልባም ግቷ አይሟሽሽም። ጥጃዋን ሸጠነዋል። አሁን የሚያልባት ቅጥር ልጅ ነው፤ ስለምትራገጥ እግሯን አስረን ነው። ጎረቤቴ ላሙን ሆርሞን አስወግቶ ነበር። እኔም ላስወጋት?»

ወንድሜ፣ ታልባ ግቷ ካልሟሸሸ ወተቱ እዚያው አለ። ጥጃዋ ሄዷል፣ አላቢዋ ተቀይሯል፣ በዚያ ላይ ትታሰራለች። ላሟ ወተቷን ይዛለች ብዬ እገምታለሁ። የጡት በሽታ እንዳይሆን ግን መጀመሪያ የሚወጣውን ወተት ጥቁር ዕቃ ላይ አልበው ይዩት። ከጓጎለ ወይም ደም ካለው ሐኪም ይጥሩ።

አሁን ወደ መርፌው። «ሆርሞን» ሲባል አንድ መድኃኒት የሚመስላቸው ብዙ ናቸው፤ ይህ በጣም ያሳስበኛል። በላሟ ሰውነት ውስጥ መልእክት የሚያደርሱ ኬሚካሎች ብዙ ዓይነት ናቸው፤ የአንዱ ሥራ ከሌላው ይለያል። ጎረቤትዎ ያስወጉት ድራት (ኮርማ መፈለግን) የሚያመጣውን ፕሮስታግላንዲን ሳይሆን አይቀርም። እሱ ወተት አያወርድም። ላምዎ ከብዳ ከሆነ ደግሞ ያስጨነግፋታል።

ወተት የሚያወርደው ኦክሲቶሲን ነው፤ እሱም በራሷ ሰውነት ውስጥ አለ። ጡቷ ሲታሽ መልእክቱ በነርቭ ወደ አንጎሏ ይሮጣል። የነርቭ መልእክት ፈጣን ነው፤ ሰከንድ እንኳ አይሞላም። ከዚያ ከአንጎሏ ሥር ያለችው ዕጢ ኦክሲቶሲን ወደ ደም ትለቃለች። በደም የሚሄድ መልእክት ደግሞ ዘግየት ይላል፤ ግቷ ጋ እስኪደርስ አንድ ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ሲደርስ ወተቱን የያዙትን ጥቃቅን ከረጢቶች ጭምቅ ያደርጋቸዋል። ግን ጉልበቱ ከ5 እስከ 8 ደቂቃ ቢቆይ ነው።

ስትደነግጥ ደግሞ ሌላ መልእክተኛ ይነሳል። ከኩላሊቷ በላይ ካሉት ዕጢዎች አድሬናሊን ይፈስሳል። የደም ሥሯን ያጠብባል፣ ኦክሲቶሲኑን ሥራ ያስፈታዋል። ውጤቱ እስከ ግማሽ ሰዓት ሊቆይ ይችላል። ላም እግሯን አስሮ፣ በዱላ ነካ አድርጎ ማለብ በየቤቱ የማየው ልማድ ነው። እባካችሁ ተዉት። ትራገጣለች ብላችሁ ታስሯታላችሁ፤ ስለምትታሰር ደግሞ ትፈራለች፣ ወተቱም ይቀራል።

እንግዲህ እንዲህ ያድርጉ። ላሟ የለመደችው ሰው ይለባት፤ እርስዎ ወይም ባለቤትዎ፣ ማን ቢሆን ሲያበላት የኖረ። ውሻና ልጆች ከአጠገቧ ይራቁ። ፉርሽካዋን አስቀድመው አይጨርሱት፤ እየታለበች ትብላ፣ መብላቱ ራሱ ኦክሲቶሲን እንዲለቀቅ ያግዛል። እጅዎን ይታጠቡ። በዚህ የኅዳር ብርድ ቀዝቃዛ ውሃ አይደፋባትም፤ ለብ ያለ ውሃና ንጹሕ ጨርቅ ይያዙ። ጡቶቿን አጥበው፣ አድርቀው፣ ግቷን ቀስ አድርገው ለአንድ ደቂቃ ያህል ያሹላት። ጥጃዋ በአፉ ይሠራ የነበረውን ሥራ አሁን እጅዎ ይሠራል። ጡቷ ሲወጠር ወዲያው ይጀምሩ፤ እረፍት ሳይወስዱ በ7 ደቂቃ ውስጥ ይጨርሱ። አጥቦ ትቶ ወደ ሌላ ሥራ መሄድ አይገባም፤ ኦክሲቶሲኑ አልቆ ይጠብቅዎታል። ጠዋትም ማታም ሰዓቱ አይዛነፍ።

መጀመሪያ ቀን ላይ ብዙ አይጠብቁ። ፍርሃቷ የሚለቃት ቀስ በቀስ ነው። ነገር ግን ዛሬ ነገ አይበሉ። ወተት ግት ውስጥ ተከማችቶ ሲቀር ግቱ ራሱ «ይበቃል» የሚል መልእክት ለራሱ ያስተላልፋል። ይህ ደም ውስጥ ሳይገባ እዚያው ሠፈሩ የሚሠራ ነው። ያኔ ምርቱ ከምሩ ይቀንሳል፤ በኋላ ወደ ነበረበት ለመመለስ ይከብዳል።

ኦክሲቶሲንም በመርፌ አለ። ሐኪም ለችግር ጊዜ ሊሰጠው ይችላል። በየዕለቱ ከተወጋች ግን ትለምደዋለች፤ ያለ መርፌ ወተት ማውረድ ያቅታታል። ኮርማ አግኝታ ወይም ተዳቅላ ከሆነ ደግሞ፣ ምንም ዓይነት ሆርሞን ከመወጋቷ በፊት የማዳቀል ቴክኒሻኑ እርግዝናዋን ይመርምርላት።