«ከፍዬ ጨርሻለሁ እኮ ጋሼ»

ውድ ልጆቼ፣

በሰሜን ቨርጂኒያ ፍርድ ቤቶች ለብዙ ዓመታት በወንጀል ጉዳይ ጥብቅና ቆሜያለሁ። ከደንበኞቼ ብዙዎቹ የእኛው የሐበሻ ልጆች ናቸው። አብዛኞቹ ሌባም ወንበዴም አይደሉም። ጠጥተው መሪ ጨብጠው የተያዙ ናቸው።

አንድ ልጅ ለሁለተኛ ጊዜ ተይዞ ቢሮዬ መጣ። ሥራው ሹፍርና ነው። እናቱ አጠገቡ ተቀምጣ የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ ትጠመዝዛለች። ስለ መጀመሪያው ክስ ስጠይቀው «እሱማ አለቀ፣ ከፍዬ ጨርሻለሁ እኮ ጋሼ» አለኝ።

አላለቀም ነበር። ቨርጂኒያ ውስጥ በ5 ዓመት ጊዜ ሁለተኛ ጥፋት ከሆነ 20 ቀን እስር ግዴታ ነው። ዳኛው ቢያዝንለት እንኳ ከዚያ ዝቅ ማድረግ አይችልም። መንጃ ፈቃዱም ለ3 ዓመት ይሄዳል። በ10 ዓመት ውስጥ ሦስተኛ ከሆነማ ክሱ ፌሎኒ፣ ማለትም ከባድ ወንጀል፣ ነው፤ ትንሹ እስር 90 ቀን ይሆናል።

የድሮ ፋይሉን አስመጣሁ። አንዲት ገጽ ኮፒ ናት። «ጠበቃ አልፈልግም» የሚለው ሣጥን ላይ ኤክስ ተደርጓል። ከታች የእሱ ፊርማ፣ ተጣድፎ የተጻፈ፣ ከመስመሩ የወጣ። የአስተርጓሚ ስም የሚጻፍበት ቦታ ባዶ ነው።

«ምን እንደሆነ ገብቶህ ነበር?»

«አሳዩኝ፣ ፈረምኩ። ሰው ሁሉ ሲፈርም አየሁ።»

ያንን ፍርድ ተቃወምን። ተሸነፍን። ልጁ በዚያን ጊዜ እንግሊዝኛ አልገባውም ነበር የሚለውን የምናረጋግጥበት ነገር አልነበረንም። ይህ ዓይነት ጉዳይ የሚታይበት የታችኛው ፍርድ ቤት በዳኛውና በተከሳሹ መካከል የተባለውን አይመዘግብም። የቀረችው ያቺ ገጽ ብቻ ናት። እሷ ደግሞ «ፈርሟል» ትላለች።

ለምን እንዲህ እንደሚከብድ በደንብ የሚያሳይ አንድ ጉዳይ አለ። ፌሊፔ ቶቫር እ.ኤ.አ. በ1996 አዮዋ ውስጥ የ21 ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። ጠጥቶ ሲነዳ ተያዘ፤ ያለ ጠበቃ ጥፋተኛ ነኝ አለ፤ 2 ቀን ታሰረ። ሦስተኛ ጊዜ ሲከሰስ ጉዳዩ ፌሎኒ ሆነበት። ያኔ የመጀመሪያውን ፍርድ ተቃወመ። ያለ ጠበቃ መቅረብ ምን እንደሚያሳጣኝ በደንብ አልተነገረኝም አለ። የአዮዋ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ተስማማለት። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን እ.ኤ.አ. በ2004 በሙሉ ድምፅ ሻረው። የድሮ ፍርድ የሚቃወም ሰው፣ ጠበቃ አልፈልግም ያለው ሳይገባው መሆኑን ራሱ ማስረዳት አለበት ተባለ። ከዓመታት በኋላ ይህን በምን ታስረዳላችሁ?

ይባስ ብሎ ያለ ጠበቃ የተፈረደና በገንዘብ ብቻ ያለቀ ትንሽ ጥፋትም ይቆጠራል። እ.ኤ.አ. በ1983 ጆርጂያ ውስጥ ጠጥቶ በመንዳት 250 ዶላር ብቻ የተቀጣ ሰው ነበር። ከዓመታት በኋላ በሌላ የፌደራል ወንጀል ሲፈረድበት ያ የድሮ ፍርድ ተቆጥሮ ቅጣቱን አከበደበት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም እ.ኤ.አ. በ1994 ይህን አጸደቀ። እኔ በዚህ ውሳኔ እስካሁን አልስማማም። ሕጉ ግን ይኸው ነው።

ታዲያ ተስፋ የለም ማለት አይደለም። ያለ ጠበቃ ቀርባችሁ፣ ጠበቃ ይቅርብኝ ሳትሉ፣ እስር ከተፈረደባችሁ ያ ፍርድ መቆጠር የለበትም። እስሩ በገደብ የታገደ ቢሆንም እንኳ መከራከሪያ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2002 ከአላባማ የመጣ ጉዳይ ላይ በገደብ የተወሰነ እስርም ጠበቃ ያስፈልገዋል ተብሏል። ፍርዱ የሌላ ስቴት ከሆነ ደግሞ የዚያ ስቴት ሕግ ከቨርጂኒያው ጋር በእርግጥ ይመሳሰላል ወይ ብሎ መጠየቅ ይቻላል።

እኛን ሐበሾችን ለብቻው የሚመለከት አንድ ነገር ግን አለ። ስማችን። የአባታችን ስም እዚህ የቤተሰብ ስም ይሆናል። ተስፋዬም ከበደም ብዙ ነው። በስደት የመጣ ሰው ደግሞ ስንት ጊዜ የልደት ቀኑ ጃንዋሪ 1 ተብሎ ተጽፏል! ሦስተኛ ጥፋት ተብሎ የተከሰሰ አንድ ደንበኛ ነበረኝ። ከሁለቱ የድሮ ፍርዶች አንዱን «እኔ አይደለሁም» ይላል። ማንም አላመነውም፤ እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ እኔም ተጠራጥሬ ነበር። ፋይሉ ሲመጣ ቁመቱ በ4 ኢንች ይለያል፣ ፊርማው ጭራሽ አይገናኝም። ስማቸውና የልደት ቀናቸው የገጠመ ሌላ ሰው ነበር። ፌሎኒው ወደቀ። ያ የድሮ ጥፋት የተከሳሹ መሆኑን ማስረዳት ያለበት ዐቃቤ ሕግ ነው፤ ይህን ማንም እንዳያስረሳችሁ።

ወጣት ጠበቃ ሳለሁ የድሮ ፋይል ሳልጠይቅ ደንበኛዬን ጥፋተኛ ነኝ ያሰኘሁበት ቀን አለ። እስካሁን ይቆጨኛል። ከዚያ ወዲህ ፋይሉን በዓይኔ ሳላይ አንድም ቀን ደንበኛዬን ጥፋተኛ ነኝ በል ብዬ አላውቅም።

መጠጡን ነገር ቀለል አድርጌ እያየሁት እንዳይመስላችሁ። በሰካራም ሹፌር ልጇን ያጣች እናት ችሎት ስትመሰክር ሰምቻለሁ፣ ድምፅዋ አሁንም አለ። ከጠጣችሁ ቁልፉን ለሌላ ስጡ። ግን የተሳሳተ ልጅም ያልሠራውን ተሸክሞ መታሰር የለበትም።

የመኖሪያ ፈቃዳችሁ ቲፒኤስ (አገራቸው መመለስ ለማይችሉ የሚሰጠው ጊዜያዊ ጥበቃ) ከሆነ ደግሞ ተጠንቀቁ። ሁለት ሚስዲሚነር፣ ማለትም ከፌሎኒ ያነሰ ወንጀል፣ ቲፒኤስ ያሳጣል። ጠበቃችሁ የኢሚግሬሽኑን መዘዝ የመንገር ግዴታ አለበት፤ እ.ኤ.አ. በ2010 ተወስኗል። ካልነገራችሁ ጠይቁት።

የመጀመሪያው ቀን ላይ አትቸኩሉ። «አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» በሉ፤ እንግሊዝኛ ትንሽ ብታውቁም በሉ። ቨርጂኒያ ውስጥ ከታችኛው ፍርድ ቤት ይግባኝ ለማለት ያላችሁ 10 ቀን ብቻ ነው። በነዚያ ቀናት ይግባኝ ካላችሁ ጉዳዩ እንደገና ከሥሩ ይታያል። ያ ልጅ ይህን ቢያውቅ ኖሮ እኔ ዘንድ በ20 ቀን እስር ጉዳይ አይመጣም ነበር።

የድሮ ፍርድ ያለባችሁ ደግሞ እስክትከሰሱ አትጠብቁ። ሰኞ ጠዋት ወደ ፍርድ ቤቱ ክለርክ መስኮት ሂዱ። ሙሉ ስማችሁን፣ በመታወቂያችሁ ያለውን የልደት ቀንና የተፈረደበትን ዓመት ይዛችሁ። የተረጋገጠ ኮፒ ይስጡኝ በሉ። ከዚያ ቤት ገብታችሁ ፊርማውንና የትኛው ሣጥን ላይ ኤክስ እንዳለ በደንብ እዩት።