ላፕቶፕ ላይ ይሰራል፣ ሰርቨር ላይ ዳታቤዙን አያገኝም፣ አንዳንዴም ሁለቴ ያስከፍላል

ወንድሜ፣ የጠየቅኸው ባጭሩ ይሄ ነው፦ የትዕዛዝ፣ የክፍያና የኤስኤምኤስ ሰርቪሶችህ ከፖስትግሬስ (ዳታቤዙ) እና ከራቢትኤምኪው (በሰርቪሶቹ መካከል መልእክት የሚያመላልሰው) ጋር ላፕቶፕህ ላይ ደህና ይሰራሉ። በዶከር ኮምፖዝ (ብዙ ኮንቴይነሮችን ከአንድ ፋይል በሚያስነሳው መሣሪያ) ሰርቨር ላይ ስታወጣቸው ግን የትዕዛዙ ሰርቪስ ዳታቤዙን አጣሁት ይላል፤ አዲስ ቨርዥን ባወጣህ ቁጥር ደግሞ ሁለቴ የከፈለ ደንበኛ ይመጣብሃል። "ወደ ኩበርኔቲስ (ኮንቴይነሮችን በብዙ ሰርቨር ላይ የሚያስተዳድር ሥርዓት) ሂድ" ብለው የመለሱልህን ለጊዜው ተዋቸው፤ አንድ ሰርቨር ብቻ ይዘህ ብትሄድም ይህንኑ ችግር ይዘኸው ነው የምትሄደው።

መጀመሪያ የዳታቤዙን አድራሻ እይ፤ ሎካልሆስት ("ይሄው ማሽን") ካልከው ችግሩ እሱ ነው። ኮንቴይነር (ፕሮግራሙ ለብቻው ተከልሎ የሚሰራበት ሳጥን) ውስጥ ሎካልሆስት ማለት ራሱ ኮንቴይነሩ ነው። ላፕቶፕህ ላይ የሰራልህ ሰርቪሱን ከኮንቴይነር ውጪ፣ ከኤዲተርህ ስላስነሳኸው ነው። አድራሻው ኮምፖዝ ፋይሉ ላይ ለፖስትግሬስ የሰጠኸው የሰርቪስ ስም ይሁን። ፖርቱም የውስጡ ነው፤ ወደ ውጭ 5433 ብለህ ብታወጣውም ሰርቪሶቹ እርስ በርስ የሚገናኙት በ5432 ነው። እንዲያውም ወደ ውጭ ባታወጣው ይሻላል። ዶከር የሚከፍተው ፖርት ዩኤፍደብሊው (የሰርቨሩ ፋየርዎል) ላይ የጻፍከውን ክልከላ አልፎ ይሄዳል፣ ዘጋሁት ያልከው ዳታቤዝ ለዓለም ክፍት ሆኖ ያድራል። የግድ ካስፈለገህ 127.0.0.1 (የሰርቨሩ የራሱ የውስጥ አድራሻ) ላይ ብቻ እሰረውና በኤስኤስኤች ተነል (በተመሰጠረ የርቀት መስመር) ግባ።

አንዳንዴ ተገናኝቶ አንዳንዴ እምቢ የሚልህ በአነሳስ ቅደም ተከተል ነው። ዲፔንድስ ኦን (ኮምፖዝ ፋይሉ ላይ "ይሄ ከዚያ በኋላ ይነሳ" የሚለው መስመር) ብቻውን ኮንቴይነሩ መነሳቱን እንጂ ፖስትግሬስ ለስራ መዘጋጀቱን አይጠብቅም። ሄልዝ ቼክ (የጤና ፍተሻ) ላይ፣ ፖስትግሬስ መዘጋጀቱን የሚጠይቀውን ፒጂ ኢዝሬዲን በየ5 ሰከንዱ አስሂድና ሰርቪስ ሄልዚ የሚለውን ቅድመ ሁኔታ ጨምር። ይሄም ቢሆን ግማሽ መፍትሄ ነው፤ መብራት ሄዶ ሰርቨሩ እንደገና ሲነሳ ዶከር ኮንቴይነሮቹን ያንን ቅደም ተከተል ሳይጠብቅ ያስነሳቸዋል። ስለዚህ ሰርቪሱ ራሱ 1፣ 2፣ 4፣ 8 ሰከንድ እያራዘመ ደጋግሞ መሞከር አለበት። ፓስወርድ አልቀበል ካለህ ደግሞ፣ ኮምፖዝ ላይ የምትጽፈው የፖስትግሬስ ፓስወርድ የሚሰራው የዳታ ማህደሩ ባዶ ሳለ፣ መጀመሪያ ሲነሳ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ፋይሉን ብትቀይረው ምንም አይለወጥም፤ ዳታቤዙ ውስጥ ገብተህ በኦልተር ዩዘር ቀይረው። ቮልዩሙን (ዳታው የተቀመጠበትን ቦታ) አጥፍተህ አትገላገል፣ ዳታህ አብሮ ይጠፋል።

ዋናው ነገር ክፍያው ነው። ራቢት ላይ አንድ መልእክት ቢያንስ አንዴ ይደርሳል፤ አንዴ ብቻ ይደርሳል የሚል ዋስትና ግን የለም። የክፍያ ሰርቪሱ ገንዘቡን ቆርጦ፣ አክኖሌጅ ("መልእክቱን ጨርሻለሁ" የሚል ማረጋገጫ) ሳይልክ ከሞተ ራቢት መልእክቱን መልሶ ይሰጣል፣ ገንዘቡም እንደገና ይቆረጣል። አክኖሌጁን ወደ ፊት ብታመጣው ደግሞ ክፍያው ሳይፈጸም መልእክቱ ይጠፋል።

አዲስ ስታወጣ የሚብሰው ለዚህ ነው፦ ዶከር ኮንቴይነሩን ሲያቆም ሲግተርም ("አቁም" የሚል ምልክት) ይልካል፣ 10 ሰከንድ ይጠብቃል፣ ከዚያ ይገድለዋል። ዶከርፋይልህ ላይ የማስነሻ ትዕዛዙን እንደ ተራ ዓረፍተ ነገር ከጻፍከው ፕሮሰስ ቁጥር 1 (ኮንቴይነሩ ውስጥ መጀመሪያ የሚነሳው፣ ምልክቱን የሚቀበለው) የሚሆነው ሼሉ፣ ማለትም ትዕዛዝ ተርጓሚው ፕሮግራም ነው፤ ሼሉ ምልክቱን ለፕሮግራምህ አያስተላልፍም። ይህ መሆኑን ማወቅ ቀላል ነው፤ እያንዳንዱ ሰርቪስ ለመቆም ልክ 10 ሰከንድ ይፈጅበታል፣ የመውጫ ኮዱም 137 ይሆናል። (137 ሚሞሪ ሲያልቅም ይመጣል፤ ዶከር ኢንስፔክት ላይ ኦኦኤም ኪልድ የሚለውን እይ።) የማስነሻ ትዕዛዙን በማዕዘን ቅንፍ፣ በዝርዝር መልክ ጻፈው። ፕሮግራሙ ሲግተርም ሲደርሰው አዲስ መልእክት መቀበል ያቁም፣ የያዘውን ይጨርስ። የመጠበቂያ ጊዜውንም ወደ 30 ሰከንድ አሳድገው፣ ፕሪፌችን (ራቢት ማረጋገጫ ሳይመጣ በአንዴ የሚሰጠውን የመልእክት ብዛት) 1 አድርግ።

ይህ ድግግሞሹን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። የሚያጠፋው መለያ ቁጥር ነው። የትዕዛዙ ሰርቪስ ትዕዛዙ ሲፈጠር አንድ መለያ ይስጠው። የክፍያ ሰርቪሱ ገንዘብ ከመቁረጡ በፊት ያንን መለያ ዩኒክ ገደብ (አንድ መለያ ሁለቴ እንዳይገባ የሚከለክል) ባለው ሰንጠረዥ ላይ "ተጀምሯል" ብሎ ይመዝግብና ኮሚት ያድርግ (ምዝገባውን ያጽና)። መልእክቱ ተመልሶ ሲመጣ "ተከፍሏል" የሚል ካገኘ አክኖሌጅ ልኮ ይለፈው። "ተጀምሯል" የሚል ካገኘ ግን ዳግም አይቁረጥ፤ በዚያው መለያ የክፍያ አቅራቢውን ኤፒአይ (ፕሮግራሞች የሚገናኙበት በር) "ይህ ምን ላይ ደረሰ?" ብሎ ይጠይቅ። ታይምአውትም እንደዚሁ ነው፤ መልስ አልመጣም ማለት አልተከፈለም ማለት አይደለም።

ሰርቪሶቹን ስታበዛ የኮኔክሽን ሂሳብህንም ስራ። 3 ሰርቪስ በ3 ቅጂ፣ እያንዳንዱ ቅጂ 10 ኮኔክሽን የሚይዝ ፑል (የተዘጋጁ ኮኔክሽኖች ክምችት) ካለው 90 ሆነ፤ ፖስትግሬስ ቅንብሩ ሳይቀየር የሚፈቅደው 100 ነው፣ ከዚያም 3ቱ ለሱፐርዩዘር (የዳታቤዙ ዋና አስተዳዳሪ) የተያዙ ናቸው። አራተኛ ሰርቪስ ስትጨምር ይዘጋብሃል፤ ፑሉን ወደ 5 አውርደው። የዶከር ሎግም በራሱ አይቆረጥም፣ 10 ሜጋባይት በ3 ፋይል ብለህ ወስነው፤ አለዚያ ዲስኩን ይሞላል።

እንደገና ከማውጣትህ በፊት የክፍያ አቅራቢውን የሙከራ ኤፒአይ አገናኝና 20 ትዕዛዝ በአንድ ላይ ላክ፤ መሃል ላይ የክፍያውን ኮንቴይነር በዶከር ኪል ግደለውና መልሰህ አስነሳው። አቅራቢው ጋ የተመዘገበው 20 ከሆነ አውጣው፤ 21 ከሆነ ከመቁረጡ በፊት ያለውን ኮሚት ተመልከት።