«ሙከራ» ወይስ «ተሞክሮ»? ስለ አንድ ንዑስ ርዕስ አተረጓጎም

ጥያቄ፦ የስኮትላንዳዊውን ፈላስፋ የዴቪድ ሂዩምን «ስለ ሰው ባሕርይ የተጻፈ ድርሰት» ንዑስ ርዕስ «ሙከራዊውን የአስተሳሰብ ስልት ወደ ግብረ ገብ ጉዳዮች የማስገባት ጥረት» ብዬ ተረጎምሁት። ጓደኛዬ ግን «ሙከራ የቤተ ሙከራ ነው» ይለኛል። ማናችን ልክ ነን?

መልስ፦ ጓደኛዎ ልክ ነው። ኒውተን «ኦፕቲክስ» በተባለው መጽሐፉ መዝጊያ ላይ፣ የተፈጥሮ ፍልስፍና በዚሁ ስልት ከተሟላ የምግባር ፍልስፍናም ወሰኑ ይሰፋል ብሎ ነበር። ሂዩም እ.ኤ.አ. በ1739 በዚያው መንገድ ተነሣ። ግን ራሱ በመግቢያው እንደሚያስጠነቅቀው፣ የሰው ጠባይ ሆን ተብሎ ሲፈተን ይታወካል፤ ማሰላሰሉ ራሱ የሚጠናውን ስሜት ይለውጠዋል። ስለዚህ አጥኚው ማስረጃውን ሰዎች በጉባኤ፣ በሥራና በተድላ ከሚያሳዩት ጠባይ ይቃርማል።

ይህ «ተሞክሮ» ነው። ሁለቱም ቃላት ከ«ሞከረ» ይወለዳሉ፤ ከኋላቸው ግእዙ «አመከረ» (ፈተነ) አለ፤ «መከራ»ም የዚያው ቤት ልጅ ናት። «ሙከራ»ን አድራጊው አስቀድሞ ያቅደዋል፤ «ተሞክሮ» ግን ኖረው የሚያገኙት ነው። መሥሪያ ቤቶች «ምርጥ ተሞክሮ» እያሉ ቃሉን የሪፖርት ማሟያ አድርገውታል። አልወደውም፤ የዛሬ አንባቢ ጆሮ ግን መጀመሪያ የሚሰማው ያንኑ ነው። «በተሞክሮ ላይ የቆመ» ቢሉ የቢሮው ሽታ ይቀንሳል።

«ግብረ ገብ»ን እወደዋለሁ። «ሞራል» ይሻላል የሚሉ አሉ፤ የወታደር ሞራል ወደቀ ሲባል የምንሰማውን ቃል ለፍልስፍና አልሰጥም። እዚህ ቦታ ግን የእኔም ቃል ጠባብ ነው። ድርሰቱ ሦስት መጽሐፍ አለው፦ ስለ አእምሮ፣ ስለ ስሜት፣ ስለ ግብረ ገብ። በዚያ ዘመን የምግባር ፍልስፍና የሚባለው ስለ ሰው የሚጠናውን ሁሉ ስለሚያቅፍ፣ ሳልወድ «ሰብአዊ ጉዳዮች» እላለሁ።

በ1740 የወጣው ሦስተኛው መጽሐፍ ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። ሂዩም፣ ጸሐፊዎች «ነው» ሲሉ ቆይተው ምክንያት ሳይሰጡ ወደ «ይገባል» ይዘላሉ ይላል። በአማርኛ ግሡ ዓረፍተ ነገሩን ስለሚዘጋ ዝላዩ ፊት ለፊት ይታያል፤ «መሆን አለበት» ብለው ካላበላሹት። «ደክሞት መሆን አለበት» ግምት ነው፤ በዚያ ላይ «መሆን»ም «አለ»ም የህልውና ግሦች ናቸው፣ ሂዩም ሊለየው የፈለገውን መልሰው ያደባልቁታል። «ሊያደርግ ይገባል» ይጻፉ። «ይገባዋል» ብቻውን ከቆመ «ይረዳዋል» ተብሎም ይነበባል።